ተጠየቅ!

ሐምሌ ነበር። ለቅሶ ላይ ነን፤ ዝናቡ የድንኳኑን ሸራ ይደበድባል፤ አንድ ስልክ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። የሚነድ ጎጆ፣ የሚሮጡ ሰዎች፣ የሴት ጩኸት። ከሥሩ «ትናንት ሌሊት» የሚል ጽሑፍ አለ፤ የቦታ ስም አለ፤ አድራጊው ነው የተባለው ሕዝብም በጅምላ ስሙ ተጠርቷል። ስልኩ የደረሰው ሁሉ ከንፈሩን እየመጠጠ ለቀጣዩ ያቀብላል። ሁለት ወጣቶች ቪዲዮው ገና ሳያልቅ ወደየግሩፓቸው ልከውታል።

ጥግ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ጋ ሲደርስ መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አደረጉ። አንዴ አዩት፤ «ድገመው እስቲ» አሉ፤ ደግመው አዩት። ከዚያ ጣታቸውን ከእሳቱ ኋላ፣ የምስሉ ጠርዝ ላይ አኖሩና «ይሄ ጤፍ እኮ ቢጫ ነው» አሉ። የገባው ሰው አልነበረም። «ማሳውን እዩት እንጂ ልጆቼ። ለአጨዳ ደርሷል። በሐምሌ ጤፍ ይዘራል እንጂ ይታጨዳል?»

ድንኳኑ ጸጥ አለ። ከላኩት ልጆች አንዱ መልእክቱን ከግሩፑ ሊያጠፋ ሞከረ፤ ከእሱ ተቀብለው ያሳለፉት ሰዎች ጋ ያለውን ግን ሊያጠፋው አልቻለም። እሳቱ እውነት ነበር። ጩኸቱም እውነት ነበር፤ በሆነ ኅዳር፣ በሆነ ቦታ የሆነ ሰው ቤት በእርግጥ ተቃጥሏል። ውሸቱ የተቀመጠው «ትናንት» በምትለው ቃልና አብሯት በተጻፈው የሕዝብ ስም ላይ ነበር። አገር የሚያነደው እንዲህ በብዙ እውነት ተጠቅልሎ የሚመጣ ጥቂት ውሸት ነው።

እኚያ አዛውንት ያደረጉት ነገር በአገራችን የቆየ ስም አለው፤ ተጠየቅ ይባላል። በዱሮው ሙግት ሰው ከዛፍ ሥር ተሰብስቦ ሲከራከር፣ ተሟጋች ባላጋራውን «ተጠየቅ!» ብሎ ያቆመዋል፤ የተጠየቀው ሳይመልስ አያልፍም። አንደበተ ርቱዕ ሰው ይደነቅ ነበር፤ ንግግሩ ስላማረ ብቻ ግን አይረታም፤ ምስክር ይጠራል፣ ምስክሩም ይመረመራል። በመንገድ የሚያልፍ ሰው እንኳ «ዳኘን» ከተባለ ጉዞውን አቋርጦ ይቀመጥ ነበር። ዳኝነት የሁሉም ሰው ግዴታ ነበር ማለት ነው። ዛሬ በየቀኑ በስልካችንና በቴሌቪዥናችን የሚሟገተን ሰው በዝቷል፤ «ተጠየቅ» የሚለው ግን ጠፍቷል። ይህን ጽሑፍ የማቀርበው ያን ልማድ በጋራ እንድንመልሰው ለመጥራት ነው። «በጋራ» የምለውም ያለ ምክንያት አይደለም። ብቻውን የተቀመጠ ሰው በቀላሉ ይታለላል፤ እዚያ ድንኳን ውስጥ ጤፉን ያየው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የዳንነው አንድ ላይ ስለተቀመጥን ነው።

በእውነት የተጠቀለለ ውሸት ከፌስቡክ በፊትም ነበር። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የታየውን ፊልም አስታውሱ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ቀርጾ በጥቅምት 1966 በአገሩ ቴሌቪዥን አሳይቶ ነበር። መንግሥት የደበቀው ረሃብ በዓለም ፊት የተጋለጠው በዚያ ፊልም ነው። ወታደራዊው ደርግ ፊልሙን በዘመን መለወጫ ማታ ለኢትዮጵያውያን አሳየ፤ ያሳየው ግን እንደነበረ አልነበረም። በረሃብተኞቹ መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣ፣ ሥጋ የሚቀርብላቸው የንጉሡ ውሾች ተቀጥለው ገቡ። አጥንቱ የወጣ ሕፃን ይታያል፤ ወዲያው ድግስ። የምትሞት እናት፤ ወዲያው ውሻ ሲበላ። በማግስቱ ጠዋት፣ መስከረም 2፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ከቤተ መንግሥት ያወጣቸውም ከእነዚያ ሁሉ የክብር መኪኖች አንዱ አልነበረም፤ ትንሽ ቮልስዋገን ነበረች። ያቺም መኪና እንደ ፊልሙ ሁሉ ንግግር ነበረች።

እዚህ ላይ ልቆይ፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችን በዚህ ጉዳይ የምንከራከረው በተሳሳተ መንገድ ነው። አንዱ «ረሃቡ እውነት ነው፣ ስለዚህ ፊልሙ እውነት ነው» ይላል። ሌላው «ፊልሙ ተቀጣጥሏል፣ ስለዚህ ረሃቡ ተጋንኗል» ይላል። ሁለቱም ተሸንፈዋል። ረሃቡ እውነት ነበር፣ ዝምታውም ወንጀል ነበር። ግብዣውም ተደርጓል፣ ውሾቹም በልተዋል። በዚያ ፊልም ውስጥ የፈጠራ ምስል አልነበረበትም፤ ሥራው የተሠራው በስፌቱ ላይ ነው። ሁለት የተለያዩ ቀኖች ጎን ለጎን ሲሰፉ የተመልካቹ ልብ መሃሉን ራሱ ይሞላዋል፤ የራሱ ድምዳሜ ስለሚመስለውም አይጠራጠረውም። ቁጣው ተገቢ ነበር። ቁጣውን ማን፣ ለምን ዓላማ እየሰበሰበው እንደሆነ ግን በዚያች ሌሊት ስንቱ ጠየቀ?

መልሱ ብዙ አልቆየም። «ኢትዮጵያ ትቅደም» ሲባል «ያለምንም ደም» የሚል ተከትሎት ነበር፤ ሰው ወዶ ተቀብሎት ዘምሮታል። ሁለት ወር ተኩል ሳይሞላ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967፣ ስልሳ ያህል ሰዎች ያለ ፍርድ ተገደሉ፤ ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮችና የደርጉ ሊቀ መንበር የነበሩት ጄኔራል አማን አንዶም ከሟቾቹ መካከል ናቸው። ያ መፈክር የተደጋገመውን ያህል ስለ አፈጻጸሙ የተጠየቀ ቢሆን ኖሮ፣ ያን ሌሊት ትእዛዝ የሰጡት ሰዎች ቢያንስ ያመነቱ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ቋንቋ ዛሬም አፋችን ላይ አለ። «እርምጃ ተወሰደ»። በዚህች ሐረግ ውስጥ ማን እንደገደለ አለ? የለም። ማን እንደሞተ አለ? የለም። ሞት ራሱ አለ? እሱም የለም። አማርኛችን «ተ»ን ከግሡ ፊት አስቀምጦ አድራጊውን የመሰወር ችሎታ አለው፤ ሰነፍ ዜና ጸሐፊም ክፉ ባለሥልጣንም በእኩል ይጠቀሙበታል። «ተገለጸ»፣ «ተጠቆመ»፣ «ችግሩ ተከሰተ»። ያለ «ተ»ም ይሠራል፤ «የሰው ሕይወት ጠፋ»። ሕይወት እንደ ቁልፍ አይጠፋም፤ የሚያጠፋው ሰው አለ። ያለ ፍርድ መግደል «ነፃ እርምጃ» ሲባል «ነፃ» የምትለው ውብ ቃል ለገዳዩ ተሰጠች፤ የተገደለው ልጅ ሬሳም መንገድ ላይ ሲቀር ቤተሰቡ እንዳያለቅስ ተከለከለ።

ሚያዝያ 9 ቀን 1969 የደርጉ መሪ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በአብዮት አደባባይ ሕዝብ ሰብስበው፣ ደም የተባለ ቀይ ፈሳሽ የተሞላባቸውን ጠርሙሶች ከመድረክ ወርውረው ሰበሩ። አደባባዩ በጩኸትና በጭብጨባ ተሞላ። ያ ጠርሙስ ምንም ክርክር አልነበረበትም፤ ክርክር ስላልነበረበት ነው የሠራው። ቀደም ብሎ ደግሞ ስሙ ተዘጋጅቶ ነበር፤ የተቃዋሚዎቹ ግድያ «ነጭ ሽብር» ከተባለ የደርጉ «ቀይ ሽብር» መልስ ይመስላል። አስቀድሞ የተወረወረ ስም ኋላ ለሚመጣው ጥይት መንገድ ይጠርጋል።

ስሞቹን ቁጠሩ። አድኃሪ፣ አናርኪስት፣ ፀረ አብዮተኛ። ሥርዓት ተለወጠ፤ ጠባብ፣ ትምክህተኛ፣ ፀረ ሰላም መጡ። ደግሞ ተለወጠ፤ የቀን ጅብ፣ ጁንታ፣ ጽንፈኛ፣ ባንዳ። አረም የተባለ ሰው አለ፣ ካንሰር የተባለ አለ። አረም ምን ይደረጋል? ይነቀላል። ካንሰርስ? ተቆርጦ ይጣላል። ቃሉ ፍርዱን በሆዱ ይዞ ይመጣል፤ የሚቀረው ፈጻሚ ማግኘት ብቻ ነው። እነዚህን ስሞች ሁሉ አንድ ወገን ብቻ አላወጣቸውም። እናንተም እኔም ከእነዚህ ቢያንስ አንዱን ተጠቅመናል፤ ስንጠቀምበትም ልክ እንደሆንን እርግጠኛ ነበርን። እስቲ አንድ ነገር ሞክሩ። ዛሬ ማታ የምትሰሙት ንግግር ውስጥ ስሙ በመጣ ቁጥር እሱን አውጥታችሁ በቦታው «ጎረቤቴ» የሚለውን አስገቡ። ዓረፍተ ነገሩ ከዚያም በኋላ መቆም ከቻለ፣ ጥሩ፣ ስለ ነገሩ እንነጋገር። ካልቻለ ግን ስለ ምን ሲነግሯችሁ እንደነበር ታውቁታላችሁ።

ከአህጉራችን ሰዎችም እንማር። በሩዋንዳ «ሚል ኮሊን» የተባለ ራዲዮ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1993 ሥርጭት ሲጀምር ሰው የወደደው በጥላቻው አልነበረም። ደረቅ የመንግሥት ጣቢያ ለሰለቸው ወጣት ጥሩ ሙዚቃ ያጫውታል፣ ይቀልዳል፣ የሰፈር ወሬ ያወራል፣ አድማጭን በስልክ ያስገባል፤ ጋዜጠኞቹ እንደ ጓደኛ ነው የሚያወሩት። ውኃ ሲወስድ አሳስቆ ነው። ቱትሲዎችን «በረሮ» ማለት በቀልድ መሃል የገባ ቃል ነበር። በሚያዝያ 1994 ግድያው ሲጀመር ያው ጓደኛ የሚመስል ድምፅ የሰዎችን ስምና መሸሸጊያ እየጠራ «ሥራ» ጀምሩ ይል ነበር፤ ሥራው ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። በ100 ቀን ውስጥ 800 ሺህ ያህል ሰው እንዳለቀ ይገመታል። በአሩሻ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2003 ከጣቢያው መሥራቾች ሁለቱን ጥፋተኛ አለ። ፍርዱ ሲመጣ ዘጠኝ ዓመት አልፎ ነበር፤ ሟቾቹ አልሰሙትም። ሕግ ከኋላ ነው የሚደርሰው። ቀድሞ መድረስ የሚችለው ገና «በረሮ» ሲባል በመጀመሪያው ቀን ያልሳቀው አድማጭ ብቻ ነበር።

በእኛም አገር ሕግ ወጥቷል፤ የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012። ሕግ አያስፈልግም አልልም። ነገር ግን የመስከረም 1ዱን ፊልም በዚህ አዋጅ ክሰሱት ብትባሉ የትኛውን ምስል ሐሰተኛ ትላላችሁ? ደግሞም የሐሰትን ትርጉም የመበየን ሥልጣን ሙሉ በሙሉ ለባለሥልጣን ከተተወ፣ ነገ መጀመሪያ ዝም የሚሰኘው «ተጠየቅ» ያለው ሰው ይሆናል። ሥራው የእኛ ነው።

የእኛ ነው ስል በውጭ ያለነውንም ጨምሬ ነው። በሪያድ ወይም በቤይሩት በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እህታችን ሥራ ጨርሳ ሌሊት ስልኳን ስትከፍት፣ በዋሺንግተን ታክሲ የሚነዳ ወንድማችን ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሲሰካ፣ አገራቸው ማለት የሚሰሙት ድምፅ ነው። ያ ድምፅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ነጋዴ ነው። በዩቲዩብ ገቢው ተመልካች በበዛና በቆየ ቁጥር ይጨምራል፤ የተናደደና የፈራ ሰው ብዙ ይቆያል። ስለዚህ «ሰበር መረጃ» የማይሰበርበት ቀን የለም። «ጉዱ ወጣ» የሚል ርዕስ ተጭናችሁ ሃያ ደቂቃ ትጠብቃላችሁ፤ ጉዱ አይወጣም፤ ስማቸው የማይጠቀስ «ውስጥ አዋቂ ምንጮች» ግን ይጠቀሳሉ። ናፍቆትን ወደ ገንዘብ የሚለውጥ ንግድ ነው፤ ገንዘቡ የሚመጣው ከናፋቂዋ ሌሊት ነው።

ድግግሞሽ ደግሞ የራሱ ጉልበት አለው። እ.ኤ.አ. በ1977 ሐሸር፣ ጎልድስታይንና ቶፒኖ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ለኮሌጅ ተማሪዎች ዓረፍተ ነገሮችን በሁለት ሁለት ሳምንት ልዩነት ሦስት ጊዜ አቀረቡላቸው። ከዓረፍተ ነገሮቹ መካከል የሚደጋገሙ ነበሩ፤ እውነትም ይሁኑ ሐሰት፣ የተደጋገሙት በመጡ ቁጥር ይበልጥ እውነት እየመሰሉ ሄዱ። «ብዙ ቦታ ሰምቼዋለሁ» የምንለው ማስረጃ፣ ማስረጃ አይደለም ማለት ነው። አንድ ሰው አሥር ቦታ የተናገረው ሊሆን ይችላል። ለማስተባበል ብለን መልሰን የምናሰራጨው ቪዲዮም ያንኑ ድግግሞሽ ያበዛል፤ ይህን ስሕተት እኔም ብዙ ጊዜ ሠርቻለሁ።

ታዲያ ምን እናድርግ? ሌሎች ያደረጉትን እዩ። እ.ኤ.አ. በ1937 ኒው ዮርክ ውስጥ የፕሮፓጋንዳ ትንተና ተቋም የተባለ ድርጅት ተመሠረተ፤ ክላይድ ሚለር የተባለ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መምህር ከመሥራቾቹ አንዱ ነበር። ሰባት የማግባቢያ ዘዴዎችን ለይቶ ተራ ሰው በሚይዘው ስም ጠራቸው፤ መጥፎ ስም መለጠፍ፣ የሚያብረቀርቅ ጥቅል ቃል፣ «እኔም እንደናንተው ነኝ» ማለት፣ «ሁሉም ሄዷልና አትቅር» ማለት የመሳሰሉትን። ጽሑፉ በየትምህርት ቤቱና በየውይይት ክበቡ ይጠና ነበር። በ1942፣ አገሩ ጦርነት ውስጥ ከገባ በኋላ፣ ተቋሙ ሥራውን አቆመ። እኔን የሚያሳዝነኝ ይኼ መጨረሻው ነው። በጣም የሚያስፈልግበት ሰዓት ላይ ተዘጋ። እኛ ግን በጦርነትም በሰላምም የማይዘጋ ተቋም አለን፤ ዕድር አለን፣ ማኅበር አለን፣ ቡና አለን። ማንም በጀት አልሰጣቸውም፣ ማንም አይነጥቃቸውም።

ለዕድር ዳኞችና ጸሐፊዎች፦ በወር አንዴ ስትሰበሰቡ፣ መዋጮው ተሰብስቦ ሲያበቃ፣ ሩብ ሰዓት ስጡ። በወሩ ውስጥ ሰፈሩን ያሸበረ አንድ ቪዲዮ ይቅረብና ሁሉም ያየውን ይናገር። ገበሬ የነበረ ማሳውን ያያል፣ ሾፌር የነበረ ታርጋውን ያያል፣ ወታደር የነበረ የደንብ ልብሱን ያያል፣ ከዚያ አገር የመጣች ሴት የጩኸቱን ቋንቋ ትሰማለች። እንዲህ ያለ መርማሪ ቡድን የትኛውም ጣቢያ የለውም።

ለመምህራን፦ ትምህርት ቤታችሁ ሚኒ ሚዲያ አለው። በጠዋት ሰልፍ ላይ መልካም አባባል ከሚነበብ በአንድ ጉዳይ ላይ የሦስት ጣቢያዎች ዜና ጎን ለጎን ይነበብ። አንዱ «ተገደሉ» ያለውን ሌላው «ሕይወታቸው አለፈ» ካለ፣ ሦስተኛው ጨርሶ ካላነሳው፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ልዩነቱን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።

ለእናንተ ለጋዜጠኞች፣ በተለይ ለወጣቶቹ፦ አለቃ እንዳለባችሁ፣ ቤተሰብ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ቢያንስ አድራጊውን ወደ ዓረፍተ ነገሩ መልሱት። ካላወቃችሁት «ማን እንዳደረገው አላወቅንም» በሉ፤ እኛ አድማጮች ይህን የሚል ጣቢያ ስንሰማ እናከብረዋለን። ንግግር ስትቆርጡ ሙሉው የት እንደሚገኝ ንገሩን። ስትሳሳቱ ማረሚያውን ስሕተቱ በተላለፈበት ሰዓት፣ በዚያው ድምፅ አስተላልፉት።

ለሁላችንም ግን ከሁሉ የሚከብደው ይኼ ነው፤ ከራሳችን ወገን እንጀምር። የጠላቴን ውሸት ለማጋለጥ ተጠየቅ አያስፈልገኝም፤ ጥላቻዬ ይበቃኛል። ዐይኔን የሚያስረኝ የምወደው ሰው ንግግር ነው፤ የምጠብቀውን ሲነግረኝ፣ ቁስሌን ሲጠራልኝ፣ «እንደምታውቁት» ብሎ የማላውቀውን ሲያስነቅፈኝ ወይም ሲያስመሰግነኝ ጭንቅላቴን እነቀንቃለሁ። ያን ጊዜ ነው «ቆይ፣ ምስክርህ ማነው?» ማለት ያለብኝ። በየግሩፑ ውስጥ የራሱን ወገን የሚጠይቅ አንድ ሰው ቢኖር ይሰደባል። ሁለት ከሆኑ ይከራከራሉ። አምስት ከሆኑ ግሩፑ ይለወጣል። የመጀመሪያው ሰው ስድቡን ብቻውን እንዳይሸከም አብረነው እንቁም።

የፊታችን እሑድ ቡና ሲፈላ ስልክ የሚያወጣ ሰው አይጠፋም። ሁለተኛው ስኒ ሳይቀዳ፣ አብረዋችሁ ያሉትን ሁሉ በአንድ ነገር አስማሟቸው፤ መቼ፣ የት፣ ማን ቀረጸው የሚሉት ሦስቱ ካልተመለሱ ከዚህ ቤት ምንም አይላክም። ልጆቻችሁን አስቀምጡ፣ አያቶቻችሁን አስጠጉ፤ መነጽራቸውንም ስጧቸው።